ፈታሾቹ የሚፈተኑበት ጉባኤ

ሰኔ 1972 በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ቻፕል ሂል በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ቢል ሄትዝል የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ አንድ ሲምፖዚየም ጠራ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው ብቻ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት አለው።) የመወያያው ርእስ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዴት ይፈተሻል የሚል ነበር። ዛሬ ተራ ጥያቄ ይመስላል። ያኔ ግን ፕሮግራም መፈተሽ የራሱ ባለሙያና የራሱ መጽሐፍ ያለው ሥራ አልነበረም። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ራሱ ያስኬደዋል፤ ሲቆምበት ይጠግነዋል፤ ሲሄድለት ያስረክባል። በቀጣዩ ዓመት በሲምፖዚየሙ የቀረቡት ጽሑፎች በሄትዝል አዘጋጅነት በመጽሐፍ ታተሙ። የሙያውን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የሶፍትዌር ፍተሻ ጉባኤዎችን መቁጠር የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የሶፍትዌር ጥራት ባለሙያዎች ጉባኤ በብዙ መልክ ታይቷል። የዩኒቨርሲቲ ሲምፖዚየም፣ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር፣ የሆቴል አዳራሽ ንግድ፣ የክብ ጠረጴዛ ዐውደ ጥናት፣ የአንድ ቀን የከተማ ስብሰባ ሆኗል። መልኩ ይህን ያህል የተቀያየረበት ምክንያት አለ። ሙያው ለረጅም ጊዜ በዩኒቨርሲቲ የራሱ የትምህርት ክፍል አልነበረውም። አብዛኛው ፈታሽ ወደ ሥራው የገባው ከሌላ መስክ ዞሮ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ጉባኤው ሆነ። ትምህርት ቤት ሲሆን ደግሞ አንድ ጥያቄ ከጅምሩ አብሮት ነበር፦ ሥራቸው የሌላውን ሰው ሥራ መጠራጠር የሆነ ሰዎች ሲሰበሰቡ፣ መድረክ ላይ የወጣውን ሰው ንግግር ማን ይፈትሸዋል?

ከመሰብሰቡ በፊት የነበረው ጭንቀት

ጥቅምት 1968 የኔቶ የሳይንስ ኮሚቴ በምዕራብ ጀርመኗ ጋርሚሽ ከተማ ሃምሳ ያህል ባለሙያዎችን ሰብስቦ ነበር። ኮምፒውተሮች እየረከሱና እየፈጠኑ ሲሄዱ የሚጫንባቸው ሶፍትዌር ግን ከተያዘለት ጊዜና በጀት እያለፈ፣ በስህተት እየተሞላ ይደርስ ነበር። «የሶፍትዌር ቀውስ» የሚለው አነጋገር በሰፊው መሰማት የጀመረው ከዚህ ስብሰባ በኋላ ነው። በዓመቱ በሮም በተደረገው ተከታይ ስብሰባ ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ ፈታሾች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱትን ነጥብ አነሣ፦ ፍተሻ ስህተት መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን ማረጋገጥ አይችልም። ለእርሱ ይህ ፕሮግራምን በሒሳብ ማረጋገጥ ይሻላል ለማለት መንደርደሪያ ነበር። በየቀኑ ፕሮግራም ማስረከብ ላለበት ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ሙሉ ማረጋገጫ ከሌለ፣ ያለን ጊዜና ገንዘብ የትኛው ፍተሻ ላይ ቢውል ይሻላል?

ቻፕል ሂል የተሰበሰቡት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ ነው። ሄትዝል በ1973ቱ መጽሐፍ ፍተሻን የገለጸው፣ ፕሮግራሙ የታሰበለትን እንደሚሠራ እምነት የሚገኝበት ሂደት አድርጎ ነበር። በ1979 ግሌንፎርድ ማየርስ ባሳተመው የፍተሻ መጽሐፍ ሐሳቡን ገለበጠው። ፈታሽ ፕሮግራሙን ማስኬድ ያለበት ስህተት አገኛለሁ ብሎ ተነሥቶ ነው አለ። የሁለቱ ልዩነት ሥራው ላይ ይታያል። «ይሠራል» ብሎ የተነሣ ሰው ፕሮግራሙን ሳያውቀው በለሰለሰው መንገድ ይነዳዋል፤ ትክክለኛ ስም፣ ትክክለኛ ቀን፣ ትክክለኛ መጠን ያስገባል። «ይሰበራል» ብሎ የተነሣው ግን ባዶ ቦታ ይልካል፤ ዜሮ ይልካል፤ አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይጫናል፤ ገንዘብ በሚተላለፍበት ቅጽበት መስመሩን ይቆርጣል።

ሄትዝል ራሱ በ1988 ከዴቪድ ጌልፐሪን ጋር ባሳተመው ጽሑፍ የሙያውን ዕድሜ በዘመን ከፋፈለ። እስከ 1956 ፍተሻና ጥገና ያልተለያዩበት ዘመን ነበር። እስከ 1978 ፕሮግራሙ እንደሚሠራ ማሳየት ነገሠ። ከ1979 እስከ 1982 ስህተት ማደን ተተካ፤ እስከ 1987 ደግሞ በየደረጃው መመዘን። ከዚያ በኋላ ያለውን ስህተትን ከመነሻው የመከላከል ዘመን አሉት። ክፍፍሉ ላይ መከራከር ይቻላል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሙያው ስለ ራሱ ታሪክ የሚናገርበት ደረጃ ላይ መድረሱ ነው፤ ወደዚያ ያደረሱት ደግሞ በአመዛኙ እነዚሁ ስብሰባዎችና ከእነርሱ የወጡ ጽሑፎች ናቸው።

ፖርትላንድ፦ ጽፈህ ና

በ1983 በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ የሰሜን ምዕራብ ፓሲፊክ የሶፍትዌር ጥራት ጉባኤ ተጀመረ። የቦታው ምርጫ ያለምክንያት አልነበረም። በከተማዋ ዙሪያ ቴክትሮኒክስና ኢንቴል ነበሩ፤ ሜንተር ግራፊክስም ገና መቋቋሙ ነበር። በየድርጅቱ ተመሳሳይ ችግር የሚገጥማቸው፣ ነገር ግን የማይተዋወቁ መሐንዲሶች በአንድ አካባቢ ይኖሩ ነበር። ጉባኤው ለትርፍ ያልቆመና በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ ሆኖ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል።

ፖርትላንድን ከሌሎቹ የለየው አንድ ደንብ ነው። መድረክ የሚፈልግ ሰው ስላይድ ይዞ መምጣት ብቻ አይበቃውም፤ ሙሉ ጽሑፍ ይጠበቅበታል። ጽሑፉን በዚያው ሥራ ላይ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ያነቡታል፤ ማስረጃ ጎደለ፣ መደምደሚያው ከተነገረው ነገር አይወጣም፣ ይህ ክፍል የዕቃ ማስታወቂያ ነው ብለው ይመልሱለታል። ጸሐፊው አርሞ ይልካል። ጽሑፎቹ ተሰብስበው ይታተማሉ፤ ኋላም ለማንም ሰው በነፃ እንዲነበቡ ተለቀቁ። በዚህ ምክንያት ቴስት መምራትን ትናንት የጀመረ ወጣት፣ በ1980ዎቹ አንድ መሐንዲስ የስህተት መዝገብ እንዴት እንዳደራጀና የት እንደተሰናከለ ማንበብ ይችላል። በንግግር ብቻ የሚያልፍ ጉባኤ ተሳታፊዎቹ ሲበተኑ አብሮ ይበተናል። እዚህ ግን ተናጋሪው ከመናገሩ በፊት ይፈተሻል፤ የተናገረው ደግሞ ለኋለኛው ይቆያል።

የሆቴል አዳራሽ ዘመን

በ1980ዎቹ መጨረሻ የግል ኮምፒውተር በየቢሮው ገባ። ማይክሮሶፍትን የመሰሉ ድርጅቶች ፈታሾችን በብዛት መቅጠር ጀመሩ። ቀጣሪ ሲበዛ ለሥልጠና የሚከፍልም ይበዛል። ሄትዝልና ጌልፐሪን በ1986 በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል የሥልጠናና የምክር ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ ከዚያው ድርጅት በ1992 ስታር የተባለው ጉባኤ ወጣ። ስታር ሲያድግ ለሁለት ተከፈለ፤ የምሥራቁ በፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ፣ የምዕራቡ በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ለብዙ ዓመታት ተካሄዱ። በ1993 የአውሮፓው ወንድማቸው ዩሮስታር በለንደን ተከፈተ። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሊቀመንበር ሆና የመራችው የፍተሻ አስተማሪዋ ዶረቲ ግርሃም ነበረች።

የእነዚህ ጉባኤዎች አሠራር በየትም አገር ይመሳሰላል። ሳምንቱ በግማሽ ወይም በሙሉ ቀን ኮርሶች ይጀምራል። ከዚያ የሁሉ ዓይን የሚያርፍበት የመክፈቻ ንግግር ይመጣል። ቀጥሎ አራትና አምስት ክፍሎች ውስጥ ጎን ለጎን ገለጻ ይደረጋል። በመሃል ሰፊ የዐውደ ርእይ አዳራሽ አለ። እዚያ የፍተሻ መሣሪያ ሻጮች ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ካናቴራና እስክሪብቶ እያደሉ፣ ተሳታፊውን ስሙንና የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ይጠይቁታል። የመግቢያው ዋጋ ከሺህ ዶላር ስለሚያልፍ ከፋዩ አብዛኛውን ጊዜ መሥሪያ ቤት ነው።

ይህን ዘመን በንቀት ማለፍ አይገባም። በድርጅቱ ውስጥ ብቸኛ ፈታሽ የነበረ ሰው መቶዎች የእርሱን ሥራ ሲሠሩ ያየው እዚያ ነው። ምን ያህል እንደሚከፈላቸው፣ ከፕሮግራም ጸሐፊዎች ጋር እንዴት እንደሚጣሉና እንደሚታረቁ፣ ሥራ አስኪያጁ ቀን ሲያሳጥርባቸው ምን እንደሚመልሱ የሰማው በቡና እረፍት ነው። ይሁን እንጂ አዳራሹ አንድ ነገር አጎደለ። ተናጋሪው አርባ አምስት ደቂቃ ይናገራል፤ ለጥያቄ አምስት ደቂቃ ይተርፋል፤ ጭብጨባ ይሆናል። «በኛ ቤት ሠርቷል» ያለውን እንዴት አወቅህ፣ ከስድስት ወር በኋላስ ምን ሆነ ብሎ የሚይዘው የለም። ከጎኑ ደግሞ መሣሪያውን የሚሸጠው ድርጅት የጉባኤው ወጪ ሸፋኝ ሆኖ ተቀምጧል።

ዩሮስታር ይህን ጉድለት በከፊል የሞላው በ2009 በስቶክሆልም ባደረገው ጉባኤ ነው። ጄምስ ሊንድሴና ባርት ክናክ በአዳራሹ ውስጥ የፍተሻ ላቦራቶሪ ከፈቱ። ተሳታፊው ከንግግሩ ወጥቶ በእውነተኛ ሶፍትዌር ላይ እጁን ያሟሻል፤ ያገኘውን ስህተት ይመዘግባል፤ ጎኑ የተቀመጠው ሰው እንዴት እንደሚያስብ ያያል። ለዓመታት ስለ ፍተሻ ሲወራበት በኖረ አዳራሽ ፍተሻ ራሱ የተሠራበት ቦታ ተገኘ።

ወረቀቱና ነጥቡ

ከአዳራሹ ጎን ሌላ ተቋም አደገ፤ ምስክር ወረቀት። በ1946 የተመሠረተው የአሜሪካ የጥራት ማኅበር መነሻው የፋብሪካ ምርት ቁጥጥር ነበር። በ1996 ለሶፍትዌር ጥራት መሐንዲሶች የራሳቸውን ፈተና አወጣ። ፈተናውን ያለፈ ሰው በየሦስት ዓመቱ 18 የማደሻ ነጥብ ማሰባሰብ አለበት። ነጥብ ከሚያስገኙት ነገሮች አንዱ በሙያ ጉባኤ መገኘት ነው። ስለዚህ በጉባኤ መቀመጥ ራሱ የሚመዘገብ ዋጋ አገኘ። በጎ ጎኑ ባለሙያው ትምህርቱን እንዳያቆም ማስገደዱ ነው። ደካማ ጎኑ ደግሞ ነጥቡ መቀመጥን እንጂ መማርን አለመለካቱ ነው።

በብሪታንያ በ1998 ለፈታሾች የመነሻ ደረጃ ምስክር ወረቀት ተጀመረ። በኅዳር 2002 በስኮትላንዷ ኤድንብራ የተለያዩ አገሮች ቦርዶች ተባብረው ዓለም አቀፉን የሶፍትዌር ፍተሻ ብቃት ቦርድ መሠረቱ። የመነሻ ደረጃው ፈተና 40 የምርጫ ጥያቄ ነው፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ 26 ያገኘ ያልፋል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፈተናዎች ተሰጥተውበታል። በየአገሩ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ስሙ ስለሚጠቀስ፣ አዲስ ገቢው ከማንኛውም ጉባኤ በፊት የሚያውቀው እርሱን ነው። የጋራ ቃላት አስገኝቷል፤ የሕንዱ ፈታሽና የፖላንዱ ፈታሽ አንድን ነገር በአንድ ስም እንዲጠሩት ረድቷል። ነገር ግን አራት ምርጫ ካለው ጥያቄ ውስጥ ትክክለኛውን ማክበብ አንድ ነው፤ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ሌላ ነው። የፈታሽ ሥራ በአመዛኙ ሁለተኛው ነው።

ሎስ አልቶስ፦ ጥያቄ እስኪያልቅ

የካቲት 1997 በካሊፎርኒያዋ ሎስ አልቶስ ከተማ ጥቂት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ለሁለት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ተዘጉ። ጠሪዎቹ ሴም ኬነርና ብራያን ሎውረንስ ነበሩ። ኬነር በሥነ ልቦና ዶክትሬት፣ በሕግም ዲግሪ ያለው ሰው ነው፤ ምስክርን እየጠየቁ እውነትን ማውጣት ለእርሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሎውረንስ አወያይ ሆነ። ዐውደ ርእይም፣ ስፖንሰርም፣ የመክፈቻ ንግግርም አልነበረም።

ደንቡ ቀላል ነበር። ተናጋሪው ንድፈ ሐሳብ አያቀርብም፤ በራሱ ላይ የደረሰውን ይተርካል። የት ነበርክ፣ ምን ሠራህ፣ ምን ሆነ። ሲጨርስ መጀመሪያ ለማብራሪያ የሚሆኑ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ከዚያ ሜዳው ይከፈታል። ሰዓት አይቆርጠውም፤ ጥያቄ ሲያልቅ ያልቃል። አንድ ሰው የሃያ ደቂቃ ታሪክ ተናግሮ ለሰዓታት ሊጠየቅ ይችላል። ከጊዜ በኋላ በየዐውደ ጥናቱ ባለ ቀለም ካርዶች ተለመዱ፦ አረንጓዴ አዲስ ጉዳይ ላነሣ ነው፣ ቢጫ አሁን በተያዘው ጉዳይ ላይ የምለው አለኝ፣ ቀይ አሁኑኑ መናገር አለብኝ ማለት ነው። ሌላው ቀለም ደግሞ ውይይቱ ፍሬ ወደሌለው አቅጣጫ ሄዷል የሚል ነው። አወያዩ ካርዱን አይቶ ተራ ይሰጣል። ድምፁ የሚጎላው ወይም ስሙ የገነነው ሰው በዚያ ብቻ ጉባኤውን አይወስደውም።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ጓደኞቹ ይሰማሉ፤ መምህሩ እዚያው፣ በሁሉ ፊት፣ ያርመዋል። ልዩነቱ ሎስ አልቶስ ላይ መምህር አለመኖሩ ነው፤ አራሚው የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ነው።

የመጀመሪያው ዐውደ ጥናት የመረጠው ጉዳይ በወቅቱ ትልቁ የገበያ ወሬ ነበር፤ የፍተሻ አውቶሜሽን። በየጉባኤው ዐውደ ርእይ ላይ ሻጮች የሚያሳዩት መሣሪያ ድንቅ ይመስል ነበር። ፈታሹ አንድ ጊዜ በመዳፊትና በቁልፍ ሰሌዳ የሚሠራውን መሣሪያው ይቀዳል፤ ከዚያ ማታ ማታ ብቻውን ይደግመዋል። ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ይህን በሥራቸው የሞከሩ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ከሌላው በኋላ ተመሳሳይ ታሪክ ተናገሩ። የስክሪኑ አቀማመጥ በተቀየረ ቁጥር የተቀዱት ፍተሻዎች በጅምላ ይወድቃሉ፤ እነርሱን የሚጠግን ሰው ይጠፋል፤ በመጨረሻ ይጣላሉ። ኬነር በዚያው ዓመት ከውይይቱ ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድን ፍተሻ አውቶማቲክ ማድረግ በእጅ አንድ ጊዜ ከመፈተሽ ከሦስት እስከ አሥር እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ እንደሚወስድ አስቀመጠ። ምክሩም የፍተሻውን ዳታ ከኮዱ መለየት፣ ስክሪን ሲቀየር አንድ ቦታ ብቻ እንዲነካ አድርጎ መገንባትና ሥራውን እንደ ማንኛውም የሶፍትዌር ሥራ ማየት ነበር። የአዳራሹ ዐውደ ርእይ ለዓመታት ያልነገራቸውን ጉዳይ ጠረጴዛው በሁለት ቀን አወጣው፤ ምክንያቱም የሚናገረውም የሚጠይቀውም ዋጋውን የከፈለ ሰው ነበር።

ይህ አሠራር ልጆች ወለደ። ፍሎሪዳ ላይ የፍተሻ አስተማሪዎች ዐውደ ጥናት፣ ከ2003 ጀምሮ የሥርዓቶችን ፍጥነትና አስተማማኝነት የሚመለከት ሌላ ዐውደ ጥናት ተቋቋመ፤ በለንደን፣ በሆላንድ፣ በስዊድንና በኢስቶኒያም የየራሳቸው ተፈጠሩ። በ2004 ኬነርና ጓደኞቹ የሶፍትዌር ፍተሻ ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ በ2006 በኢንዲያናፖሊስ የጀመረው ጉባኤ የሎስ አልቶስን ደንብ ወደ ትልቅ አዳራሽ ለማስገባት የተደረገ ሙከራ ነው። ለእያንዳንዱ ንግግር የሚመደበው ጊዜ ጉልህ ክፍል ለጥያቄ ተለየ፤ ካርዶቹም አብረው ገቡ።

ከዚህ ወገን የወጣው ሙግት በነሐሴ 2014 በኒውዮርክ ፈነዳ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት 29119 የተባለውን የሶፍትዌር ፍተሻ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች አውጥቶ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክሪስቲ በማኅበሩ ጉባኤ ላይ፣ እንዲህ ያለ ደረጃ ጥራትን ያሳድጋል ወይስ ፉክክርን ያፍናል ብሎ ጠየቀ። ንግግሩ በአዳራሹ አልቀረም፤ ደረጃው እንዲቆም የሚጠይቅ ፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረ። ተቃዋሚዎቹ የባለሙያው የጋራ ስምምነት ተብሎ የወጣው ነገር እኛን አልጠየቀም አሉ። ብዙ ሰነድ ማምረት ጥሩ ፍተሻ ተደርጎ እንዳይቆጠርም ሰጉ። አዘጋጆቹ በበኩላቸው ደረጃው በፈቃደኝነት የሚወሰድና እንደየሥራው የሚስተካከል ነው ብለው መለሱ። ደረጃው አልተነሣም። ሆኖም ጉባኤ በሙያው ስም የሚወጣን ነገር የመመርመር መብት እንዳለው በግልጽ የታየበት ጊዜ ነበር።

የረከሰው መግቢያ

በ2006 ጉግል በለንደን የፍተሻ አውቶሜሽን ጉባኤ ጀመረ። መግቢያው በነፃ ነበር፤ ተሳታፊው ግን አመልክቶ ይመረጣል። ንግግሮቹ በቪዲዮ ተቀርጸው ለሁሉም ይለቀቁ ነበርና ቢሮው ለኦርላንዶ የማይከፍልለት ፈታሽም ተማረባቸው። በ2011 በማውንቴን ቪው በተደረገው ጉባኤ አልቤርቶ ሳቮያ የሞት መልአክ ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ወጣና ፍተሻ ሞቷል አለ። ሊል የፈለገው፣ በየቀኑ በሚለቀቅ የድረ ገጽ ምርት ላይ ትልቁ አደጋ ሶፍትዌሩን በደንብ አለመሥራት ሳይሆን ማንም የማይፈልገውን ሶፍትዌር መሥራት ነው የሚል ነበር። አዳራሹ ሳቀ፤ ብዙ ፈታሽ ግን ተቆጣ፤ ክርክሩ ለዓመታት ቆየ። ጉባኤው ራሱ ከ2016 በኋላ አልቀጠለም። አንድ ድርጅት በራሱ ኪስ የያዘው ጉባኤ ድርጅቱ ሲሰለቸው ያበቃል። ፖርትላንድ በበጎ ፈቃደኞች ከአርባ ዓመት በላይ ዘልቋል።

በዚያው ዘመን የመሣሪያው ገበያም ተገለበጠ። በ2004 በቺካጎ ጄሰን ሃጊንስ የጀመረው ሴሊኒየም የተባለ የፍተሻ መሣሪያ በነፃ የሚገኝ ሆነ፤ በ2011 በሳን ፍራንሲስኮ የመጀመሪያውን የራሱን ጉባኤ አደረገ። እዚህ ሻጭና ገዢ አልነበሩም፤ መሣሪያውን የሚጽፉትና የሚጠቀሙበት አብረው ተቀመጡ። በ2009 በበርሊን የተጀመሩት የአጃይል (ሶፍትዌርን በአጭር በአጭር ዙር እየሠሩ የማስረከብ ዘዴ) ፍተሻ ቀናት ደግሞ ፈታሹን ከመጨረሻው ወንበር አንሥተው ከፕሮግራም ጸሐፊው ጎን አስቀመጡት። በዚያው ዓመት በሕንዷ ባንጋሎር ጥቂት ፈታሾች ቅዳሜና እሁድ በኢንተርኔት ተገናኝተው አንድ ሶፍትዌር በጋራ መፈተሽና ያገኙትን መወያየት ጀመሩ። አዳራሽም በጀትም አልጠየቃቸውም።

በ2012 በእንግሊዝ ኬምብሪጅ የመጀመሪያው ቴስትባሽ ተካሄደ። አዘጋጁ ሮዚ ሼሪ የመሠረተችው የፈታሾች ስብስብ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ አዳራሽ፣ ከሆቴሉ ዘመን የሚቀል ዋጋ። በቴስትባሽ መጨረሻ ማንም ተነሥቶ 99 ሰከንድ የሚናገርበት ተራም ተለመደ። ለሰዓት ያህል ለመናገር የማይደፍር ወጣት 99 ሰከንድን ይደፍራል። ብዙ ተናጋሪዎች መድረክን የለመዱት በዚያች ደቂቃ ተኩል ነው።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሁሉንም ወደ ስክሪን አስገባ። የስታር የፀደይ ጉባኤም፣ ዩሮስታርም በኢንተርኔት ተካሄዱ። ንግግሩ ያለችግር ተሻገረ፤ ከቤት ሆኖ መስማት እንዲያውም ተመቸ። ያልተሻገረው ከንግግሩ በኋላ ያለው ነበር፤ ኮሪደር ላይ «አንተ ግን እውነቱን ንገረኝ፣ ሠርቷል?» የሚባለው። አዳራሾቹ ሲከፈቱ ሰው የተመለሰው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ከእኛ በኩል

የእኛ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባበት አንዱ በር በዋሽንግተን ዙሪያ ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው ሰፈሮች፣ ለዓመታት ቅዳሜና እሁድ የኪው ኤ (የሶፍትዌር ጥራት ማረጋገጥ) ሥልጠና ሲሰጥ ኖሯል። ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል የሚሠራው፣ በአገር ቤት በሌላ ትምህርት የተመረቀው ከሥራ ወጥቶ ይገባል፤ የቴስት ኬዝ አጻጻፍ፣ ጥቂት ኤስኪውኤል (የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ)፣ ሴሊኒየም ይማራል። ቀድሞ የገባው ወገን በአማርኛ ያስረዳዋል፤ ለቃለ መጠይቅ ያዘጋጀዋል። ብዙ ቤተሰብ ኑሮው የተቀየረው በዚህ መንገድ ነው። የሥልጠናው ዓላማ ግን ሥራ ማስገባት ስለሆነ በመቀጠሩ ቀን ያበቃል። ከተቀጠሩ በኋላ ተሰብስቦ፣ ዘንድሮ ምን ከሸፈብህ ብሎ መጠያየቅ ሌላ ተቋም ይፈልጋል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጉዳዩ የገንዘብ ጉዳይ ሆኗል። ደመወዝ፣ የታክሲ ሒሳብ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኪስ ገንዘብ በስልክ የሚሄድበት ዘመን ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ለሰዓታት ተሳክሮ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ብዙ መቶ ሚሊዮን ብር አወጡ፤ አስተላለፉም። ምክንያቱ መደበኛ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ላይ የተከሰተ ችግር እንደሆነ ተገለጸ። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የታየው ሰልፍና ገንዘቡን የማስመለሱ ዘመቻ የአገር ወሬ ሆነ። ለሙያው ግን የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው። ለውጡ ወደ ዋናው ሥርዓት ከመግባቱ በፊት ምን ተፈተሸ? የሒሳብ ቀሪ የሚጠየቅበትን መንገድ የሚፈትን ነገር ነበር? ችግሩ ሲጀምር ማቆሚያው በማን እጅ ነበር? እንዲህ ያለ ታሪክ በሎስ አልቶስ ደንብ ቢቀርብ ለአንድ ሙሉ ቀን ጥያቄ ይበቃዋል፤ ሌሎች ባንኮችና የክፍያ ድርጅቶችም ያንኑ ጉድጓድ ሳይረግጡት ያውቁታል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ክፍል፣ አንድ ጥሩ አወያይ፣ አሥራ አምስት ሰውና ባለ ቀለም ካርድ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው። ሁለት የሚከብዱ ነገሮች ግን አሉ። የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። አለቃ ወይም ታላቅ ሰው ሲናገር ወጣቱ «እንዴት አወቁ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም እንደ ድፍረት ይቆጠርበታል። ካርዱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ መጠየቅን ከጠያቂው ጠባይ አውጥቶ የጉባኤው ሥርዓት ያደርገዋል። ሁለተኛው ፈቃድ ነው። ባንኩ ወይም ድርጅቱ ሠራተኛው ስለ ከሸፈ ሥራ ውጭ ወጥቶ እንዲናገር ካልፈቀደ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀርበው ስለ ስኬት ብቻ ይሆናል። የሎስ አልቶስ ሰዎች ይህን የተሻገሩት የደንበኛ ስምና ምስጢር ሳይነካ ልምዱ እንዲነገር በመስማማት ነው።

የሃምሳ ዓመቱ ታሪክ የሚያሳየው፣ ጉባኤዎቹ በትልቅነታቸው ልክ አለመጥቀማቸውን ነው። ፖርትላንድ ጽሑፍን ከንግግር በፊት ስላስመረመረ፣ ሎስ አልቶስ ተናጋሪውን ጥያቄ እስኪያልቅ ስላቆመው፣ ቴስትባሽ ለጀማሪው ድምፅ ስለሰጠ ሙያውን አሳድገዋል። ሦስቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ፈታሹ በሥራ ቦታው በሌላው ላይ የሚያደርገውን በራሱ ላይ እንዲያደርግ አስገድደዋል። በአዲስ አበባ አንድ ቀን ትልቅ የሶፍትዌር ጥራት ጉባኤ ሲጠራ፣ ስፖንሰሩና አዳራሹ አይገድም። ቀድሞ መወሰን ያለበት ተናጋሪው ስንት ደቂቃ እንደሚጠየቅና ያን ለመጠየቅ ማን ተራ እንደሚያገኝ ነው።